ከነከረባቴ ፍል ውሃ ዳር

ፍል ውሃ ድረስ ተጉዞ ከነከረባቱ ዳር ላይ ቆሞ የሚቀር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቀዋለሁ፤ ራሴ ነኝ። ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመት፣ ጎንደር ጸሐፊ ሆኜ ሳለሁ፣ ወገቡን የሚያመውን አባቴን በበቅሎ ጭኜ ከጭልጋ በታች ቆላ ወዳለ ፍል ውሃ ወረድሁ። ኩሬው ገደል ሥር የተሸሸገ ነው፤ ከዝንጀሮ በቀር የሚያየን አልነበረም።

አባቴ ውሃው ውስጥ ሆኖ፣ «ምነው ቆምህ ልጄ? ገብተህ ጀርባዬን እሽልኝ እንጂ» አለኝ።

«የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ እኮ፣ አባዬ!» አልሁት። ዝንጀሮዎቹ ሄደው ለአለቃዬ እንዳይነግሩብኝ ፈርቼ ይሆን?

እጁ ጀርባው ላይ አልደርስ ሲለው ቆሜ አየሁ። ሲወጣ እንዳላፍር ብሎ ነው መሰለኝ፣ «ሸጋ ውሃ ነው፤ ሌላ ጊዜ አብረን እንገባለን» አለኝ።

ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርነው።