የቸርኬው ደወል ክስ

እኔ የምፈራው ያየውን የሚናገር ምስክር አይደለም። የምፈራው አስቦ የደረሰበትን የሚናገረውን ነው። «እንዴት አወቅህ?» ብትሉት ዓይኑን ሳያሽ «ታዲያ ሌላ ማን ሊሆን ነው?» ይላችኋል፤ ለዚህ ደግሞ የሚመጥን መልስ እስካሁን አልተገኘም። ይህን ከመጽሐፍ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። ምስክሩ እኔው ነበርሁ።

ጣልያን ወጥቶ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ከጎንደር ከተማ ወደ ወገራ፣ ወደ አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት በመምህርነት ተላክሁ። የትምህርት ቤቱ ትልቁ ንብረት ደወሉ ነበር። ደወል ስላችሁ፣ ጣልያን ጥሎት የሄደ የካሚዮን ቸርኬ ነው፤ ከግድግዳው ተጠግቶ በሽቦ ተሰቅሎ በብረት ዘንግ ይመታል። መቺው እኔ ነኝ። እኔ ካልመታሁ ወገራ የሚነጋላት አይመስለኝም ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ብሄድ ቸርኬው ለሁለት ተሰብሮ መሬት ወድቋል። አገሩ ተተራመሰ፤ የመንግሥት ንብረት ነዋ! እስከ ቀትር ጥፋተኛው ተገኘ፤ በመንደሩ ዳር ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጡ የሚኖሩት ቤተ እስራኤላዊው ባለእጅ፣ አያ በላይ። (ያን ጊዜ «አንተ» ነበር የምላቸው፤ አሁን ግን አፌ እሺ አይለኝም።) ማስረጃው ሞልቷል። የእሳቸው ሰንበት ቅዳሜ ነውና፣ እሑድ እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መዶሻ ይዘው በትምህርት ቤቱ በኩል ሲያልፉ ታይተዋል። ባለፈው ወርም «ይኸን ቸርኬ ብትሰጡኝ ሸጋ ማረሻ ይወጣዋል» ብለው ነበር። ታዲያ ሌላ ማን ሊሆን ነው?

ዳኛው ፊት ቀርቤ፣ ዓርብ ማታ ደወሉን ደህና አድርጌ መትቼ እንደሄድሁ፣ የቀረውንም አስቤ እንደደረስሁበት መሰከርሁ። ቢፈረድባቸው ጎንደር ወህኒ ይወርዳሉ፤ ወናፍና መዶሻቸውም ይወረሳል። ቤት ውስጥ ስድስት ልጆች አሉ። ይህን እያወቅሁ ነው የመሰከርሁት፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

አያ በላይ ኩታቸውን አደግድገው ተነሡ። እንደ አገሩ ተሟጋች ዘንግ እየወዘወዙ የሚፎክሩ መስሎኝ ነበር።

«የጃንሆይ አምላክ ያሳይዎ ጌታዬ፣ ስባሪውን ያስመጡልኝ» አሉ ብቻ።

መጣ። ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው የተሰበረበትን ቦታ በሽተኛ እንደሚዳብስ ሰው ቀስ ብለው አሹት። ከዚያ ለዳኛው አሳዩ። ከግማሽ በላዩን ቀይ ዝገት በልቶታል፤ ጥቂቱ ብቻ ያብለጨልጫል።

«ይኸ ዝገት ክረምት የከረመ ነው፤ ብረቱ ዱሮ ተሰንጥቆ በጥቂቷ ተንጠልጥሎ ነው የቆየ። ባንድ እሑድ እንዲህ ያለ ዝገት አይወጣም። ደግሞ መዶሻዬን ከምልክቱ ያስጠጉት፤ የኔው አፉ ሰፊ ነው፣ ይኸን የመታው ቀጭን ዘንግ ነው። ሁልጊዜም ባንድ ቦታ። መቺውም ግራኝ ነው፤ ምልክቱ እንዴት እንዳጋደለ ይዩት።»

በየቀኑ ስቀጠቅጠው የኖርሁትን ብረት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ቅዳሴ ላይ እንኳ እንዲያ ፈዝዤ አድምጬ አላውቅም። ደግሞም ግራ እጄን ቀስ ብዬ ኮት ኪሴ ውስጥ ከተትሁ።

«ግራኙ ማነው?» አሉ ዳኛው።

አያ በላይ ያውቃሉ። ባለፈው ዓመት ለበቅሎዬ ሣር የማጭድበትን ማጭድ ለግራ እጅ አስተካክለው የሠሩልኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር። ወደ እኔ እንኳ ሳይዞሩ፣

«እኔ ጌታዬ የብረቱን ነው የማውቅ። የሰዉን ሰው ይናገር» አሉ።

ግራ እጄ ከኪሴ ወጣች። እስከ ዛሬ እኔ ያወጣኋት አይመስለኝም።

ዳኛው እሳቸውን በነጻ ለቀቁ፤ እኔን ደወሉን እንዳሠራ ፈረዱብኝ። የሚሠራውስ? ሌላ ማን ሊሆን ነው!

አያ በላይ ትልቁን ስባሪ በእሳት አቅንተው ይዘው መጡ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «ምነው መምህር፣ ሽቦውን ያዙልኝ እንጂ» አሉኝ። ያዝሁ። ሰቅለው ሲሄዱ ዘንጉን አንስቼ መታሁ፤ ክንዴን ምንም አልነካውም። ድሮ ግድግዳው እየከለከለኝ ተጣምሜ ነበር የምመታው። አሁን ደወሉን ወደ ማዶው ምሰሶ አዙረው ሰቅለውታል፤ ለግራ እጅ እንዲመች።