ቀስቱ ወዲህ ይላል

ሐሚድ፦ እኔ የምለው ሷሊሕ፣ ይኼ እጅህ ላይ ያለው ነገር እዚህ አገር ነው የተወለደው?

ሷሊሕ፦ ጂፒኤስ አይወለድም፣ ጋሼ ሐሚድ!

ሐሚድ፦ ታዲያ ወረዳችንን ቀወትን በምን አወቃት?

[ከሸዋሮቢት ወጣ ብሎ፣ ማሽላ እርሻ መሐል፣ አንዲት ሞተር ሳይክል ቆማለች። ሷሊሕ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ሦስት ወር ከመንገድ ቀያሾች ጋር ችካል ሲተክል ከርሞ ይህችን የእጅ ጂፒኤስ ገዝቶ ተመልሷል። ዛሬ የእናቱን አጎት ጋሼ ሐሚድን አፈናጦ፣ ልጃቸውን ናጅዋን ሊያስጠይቅ ወደ ሐጂ ካሚል ቤት ሽማግሌ ይልካል። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ግን ሌሎቹ ሽማግሌዎች «ሞተር ላይ አንወጣም» ብለው ቀሩበት፣ እኚህን የሚያደርስለትም ሰው አጣ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ደግሞ አንድ የአጣዬ ጨርቅ ነጋዴ ለዚያችው ለናጅዋ ሽማግሌ ይልካል ተብሏል። ሁለቱም ሐጂውን በዓይን አይተዋቸው አያውቁም።]

ሷሊሕ፦ በሳተላይት ነዋ! ሰማይ ላይ ሆኖ ያየናል።

ሐሚድ፦ [ኮፍያቸውን አስተካክለው] አሁንም?

ሷሊሕ፦ አሁንም።

ሐሚድ፦ ቀደም ብለህ አትነግረኝም? ቅድም ከቁጥቋጦው ሥር ዞር ስልስ?

ሷሊሕ፦ እሱን አያይም! መንገድ ብቻ ነው የሚያየው።

ሐሚድ፦ መንገድ አይቶ ነው ማሽላ ውስጥ የከተተን?

ሷሊሕ፦ ቀስቱ ወዲህ ይላል። አንድ ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ፣ በቀጥታ።

ሐሚድ፦ በቀጥታማ ወንዝ አለ።

ሷሊሕ፦ ወንዝ ቢኖር ይጽፈው ነበር!

[ነዳት። ወንዝ ነበር። ሞተሯ ሁለቴ አስነጥሳ ዝም አለች።]

ሐሚድ፦ [ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው] አሁንስ ጻፈ?

ሷሊሕ፦ ዝም ብለው ይግፉ!

[ተገፍታ ወጣች፤ ከብዙ ልመና በኋላም ተነሣች። ማዶ አንዲት ሴት ሽንኩርት ትኮተኩታለች።]

ሐሚድ፦ ያቺን ሴትዮ እንጠይቃት።

ሷሊሕ፦ በጭራሽ! መሣሪያ የያዘ ሰው አይጠይቅም።

ሐሚድ፦ የመጣነው ለመጠየቅ አይደለም እንዴ?

ሷሊሕ፦ እኛ የምንጠይቀው ልጅ ነው፣ ልጅ!

ሐሚድ፦ [ድምፃቸውን ከፍ አድርገው] እኅቴ! ልጅ አለሽ?

ሷሊሕ፦ ጋሼ ሐሚድ!

ሐሚድ፦ አራት አሉኝ ትላለች። ግን ሁሉም ወንዶች ናቸው።

[ሷሊሕ አፍሮ ሞተሯን አስፈነጠራት። እርሻ ዳር ዛፍ ሥር የተቀመጠ አንድ ገበሬ አለ፤ በእሱ ዙሪያ መሽከርከር ጀመሩ።]

ሐሚድ፦ ምን ጠፋብህ?

ሷሊሕ፦ ምንም። ስንቆም ቀስቱ አቅጣጫ ይስታል። መንቀሳቀስ አለብን።

ሐሚድ፦ ሰውዬውን እኮ ለሦስተኛ ጊዜ አሰላሙ አለይኩም አልነው። አሁንማ መመለሱ ሰልችቶት ፊቱን አዞረ።

ሷሊሕ፦ ያዘ! ያዘ! ወደ ኮረብታው!

[ወጡ። ጫፉ ላይ አንድ ግራርና አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ እንጂ ሌላ የለም።]

ሷሊሕ፦ ደረስን! ዜሮ ሜትር!

ሐሚድ፦ [ጫማቸውን አጥልቀው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ለድንጋዩ] አሰላሙ አለይኩም፣ ቤቶች!

ሷሊሕ፦ ምን እያደረጉ ነው?

ሐሚድ፦ ደረስን አልክ እኮ።

ሷሊሕ፦ ቤቱስ የታለ? የቦታውን ቁጥር ናጅዋ ራሷ ናት ከስልኳ የላከችልኝ! «የቆምሽበትን ቦታ ላኪልኝ» አልኳት፣ ላከች!

ሐሚድ፦ የቆመችበትን?

ሷሊሕ፦ አዎ!

ሐሚድ፦ እዚህ ነዋ የቆመችው። መንደሩ ውስጥ ስልክ አይዝም ማለት ነው፤ የሚደውል ሁሉ እዚህ ይወጣል። አታይም የተፋቀውን የሞባይል ካርድ? መሬቱን ሞልቶታል።

ሷሊሕ፦ [ላቡን እየጠረገ] አይሆንም! መሣሪያው ቢሳሳት በጥቂት ሜትር ነው። እርስዎ እዚሁ ይቀመጡ፣ ኮረብታውን ዞሬ ቤቱን አገኘዋለሁ።

[ሄደ። ከታች የሞተሯ ድምፅ ይዞራል፣ ይዞራል። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሷሊሕ ሱሪው በእሾህ ተቀዶ፣ ሊያለቅስ ደርሶ ተመለሰ። ጋሼ ሐሚድ ድንጋዩ ላይ ተደላድለዋል።]

ሷሊሕ፦ የለም! አንድ አህያ የሚነዱ ሽማግሌማ ነገር ሊያበዙብኝ ነበር። «ልጄ፣ የማንን ቤት ፈልገህ ነው?» ይሉኛል።

ሐሚድ፦ ምን አልካቸው?

ሷሊሕ፦ «አባት፣ እኔ የምሄደው በሳተላይት ነው፣ አህያዎን ከፊቴ ያንሱልኝ» አልኳቸዋ!

ሐሚድ፦ እዚህ መጥተው ነበር። ስልክ ሊደውሉ።

ሷሊሕ፦ እና?

ሐሚድ፦ ጠየቅኳቸው።

ሷሊሕ፦ መንገድ አይጠየቅም አላልኩም?

ሐሚድ፦ መንገድ አይደለም። ልጃቸውን።

[ሷሊሕ መሬት ላይ ቁጭ አለ።]

ሷሊሕ፦ ሐጂ... ሐጂ ካሚል?

ሐሚድ፦ እሳቸው። ስማቸውን ነገሩኝ፤ ለአጣዬዎቹ «የት ደረሳችሁ?» ሊሉ ነበር የወጡት። እዚሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አባትህን አያትህን ቆጠርን፣ ተዋወቅን። ከዚያ ደወሉና «አትድከሙ» አሏቸው።

ሷሊሕ፦ ሰጡኝ?

ሐሚድ፦ ሰጡ፣ አልሐምዱሊላህ።

ሷሊሕ፦ እኔን እኮ አይተውኛል! በአህያቸው ተጣልተናል!

ሐሚድ፦ «ያ ኮረብታ የሚዞረው የማን ነው?» አሉኝ። «ሹፌሬ ነው» አልኳቸው። ወላሂ አልዋሸሁም፤ ነድተህ አይደል ያመጣኸኝ?

ሷሊሕ፦ ሙሽራውስ ሲሉ?

ሐሚድ፦ «እንደ ደንቡ ቤቱ ቀርቷል፤ ስሙ ሷሊሕ ነው፣ የረጋ ልጅ ነው» አልኩ።

ሷሊሕ፦ [ጉልበታቸውን ስሞ] ዕድሜ ይስጥልኝ! ሌላ ምንም አላሉም?

ሐሚድ፦ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ።

ሷሊሕ፦ ምን? የፈለጉት ይሆናል!

ሐሚድ፦ «የሠርጉ ዕለት ያ ሹፌር ደጄ እንዳይደርስ።»