በቁሟ የተለቀሰላት መኪና ሻጭ

ሰሞኑን ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ስቤ ነው የምሄደው። ብርድ እንዳይመስላችሁ። ከቆሰበር፣ ከዚህ ከእንጅባራችን፣ ብርድ ጋርማ አብረን ነው ያረጀነው። ሀፍረት ነው። ገበያ ስወጣ ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ «እማማ፣ ዛሬስ ማንን ሊያለቅሱ ነው?» ይሉኛል።

ብርቱካን የምትባል የልጅ ልጅ አለችኝ። ሕፃን ሳለች እናቷ ጥላት ሞታ፣ እኔው ነኝ ያሳደግኋት። ከእንጅባራ መውጫ ላይ ግቢ ተከራይታ ያገለገሉ መኪኖች ትሸጣለች። «መኪና የምትሸጥ ሴት ማን ያገባታል?» እያልኩ ስጨቀጭቃት ነው የኖርኩት። እሷ ግን መኪናን ያገሬ ሰው ፈረስ እንደሚያውቀው ነው የምታውቀው። አንዴ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሰምታ «ይሄ ጉሮሮውን ታሟል» ብትል ባለቤቱ መኪናውን ጠበል ሊወስደው ተነሣ። እሺ፣ ጠበሉን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ግን ሰውየውን ብታዩት ይወስደው ነበር።

ዘንድሮ ታዲያ ገዢ ጠፋ። ለምን ብላት፣ ዛሬ ሰው መኪና የሚፈልገው በእግሩ ሳይሆን በስልኩ ነው አለችኝ። «መኪና እንጅባራ» ብሎ ሲጽፍ የዳንግላው ነጋዴ ዌብሳይት ከላይ ይመጣል። የእሷ ከታች፣ ከታችም ታች። ከፊት የበቀለን ጆሮ ከኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው የሚባለው ለካ ስልክ ላይ አይሠራም። እንዲህ ከቀጠለ ግቢውን ለቅቃ ባሕር ዳር ልትቀጠር ነው። እሷ ከሄደች እኔ ማንን ልጨቀጭቅ ነው?

መድኃኒቱ ምንድን ነው አልኳት። ፎቶውን አሳምሬያለሁ፣ ያገሩን ስም ጽፌያለሁ፣ የቀረው ሰው ስለ እኔ ጥሩ ጥሩ ነገር መጻፉ ነው አለች። ስልኩ ብዙ የተወራለትን ወደ ላይ ያወጣዋል። ይሄማ የእኔ ሥራ ነው አልኩ በሆዴ።

እሷ መኪና ልታመጣ ባሕር ዳር ስትወርድ የማኅበር ሴቶቹን ሰበሰብኩ። መጻፉን የጎረቤቴ የወይዘሮ ሙሉ ልጅ፣ አስተማሪዋ፣ ተረከበች። እኛ እንናገራለን፣ እሷ በየስልካችን ትጽፋለች።

መቼም ታውቁታላችሁ፣ በእኛ አገር ሰውን በቁሙ ማመስገን ነውር ነው። ወይ ዓይን ይበላዋል፣ ወይ ይጠግባል። ምስጋናችንን ሁሉ አጠራቅመን የምናወጣው ለቅሶ ላይ ነው። ሌላ ማመስገኛ ከየት እናውቃለን? ወይዘሮ ሙሉ «እህህ፣ ብርቱካን የደሃ ጥላ» ብላ ጀመረች። አማርኛው አልበቃ ሲላት ወደ አገውኛ ገባች። እኔ ደግሞ በለቅሶ ግጥም ከጥርባ እስከ ዘንገና የታወቅሁ ነኝ፤ ዝም ልበል?

መኪናው በሰልፍ ቆሞ ይጠብቃል፣
ብርቱካንን ያየ ሌላ ሰው ይንቃል።

ቀጠልኩና «አሳደግኋት ስል ያሳደገችኝ፣ ወለድኳት ስል የወለደችኝ» አልኩ። አስተማሪዋስ አላስቆመቻችሁም? ትሉኝ ይሆናል። እሷስ የዚሁ አገር ልጅ አይደለች? ባንድ እጇ እየጻፈች ባንድ እጇ እንባዋን ትጠርግ ነበር።

ዌብሳይቷ ከሁሉ በላይ ወጣላችሁ። ያነበበው ለሌላው ይነግራል፣ የሰማው እውነት ይሆን እያለ ይፈልጋል፣ በፈለጉት ቁጥር ከፍ ይላል። የዳንግላው ነጋዴ ከታች ቀረ። እኔም ኮራሁ።

እሷ ከባሕር ዳር ሳትመለስ፣ አንድ ጥዋት ግቢውን ስጠብቅላት አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ከዳንግላ መጣ። የአባቷ ዘመዶች ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየጮሁ ገቡ። ለቅሶ አይቼ መቼ ያስችለኛል፤ አብሬ ጮህኩ። መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ኋላ ይጠየቃል። ደረቴን ስመታ ቆየሁና አክስቷን «ለመሆኑ ማን ሞቶብን ነው?» አልኳት።

«ምነው እማማ፣ ሐዘኑ ልብዎን ነሳው እንዴ? ብርቱካን ናት እንጂ።»

ቢደወል ስልኳ ኔትወርክ የለውም። የራሴ ግጥም ያመጣው ጣጣ መሆኑ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ልጄ መንገድ ላይ የቀረች መሰለኝ። ያን ጊዜ ባለቀስኩት አልቀልድም።

በዚህ መሐል ፒክአፕ በሩ ላይ ጡሩንባ ነፋ። ብርቱካን ናት። አክስቷ ጮኻ አንዱ መኪና ሥር ገባች። ብርቱካን ወርዳ «ምን ሆናችሁ ነው? ማን ሞተ?» አለች። ሁሉም ያዘቀዘቀውን ነጠላ ማቅናት ያዘ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ «አንቺ» አላት።

ነገሩ ሲጣራ ስልኩ ወጣ፣ ያስጻፍነው ምስጋና ተነበበ። ዳንግላዎቹ ሳቁ፤ እኔን መሬት ትዋጠኝ። አንደኛው ለቀስተኛ እንባውን ጠራርጎ ፒክአፑን ዞር ዞር ብሎ አየና «ይሄስ ይሸጣል?» አለ። ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ገዢው እየበዛ ነው፤ ባሕር ዳር መቀጠሩ ቀረ። እባክሽ ያን ጽሑፍ አጥፊው ብላት፣ «አንደኛ ያወጣን እሱ ነው፣ አይነካም» አለች።

ነጠላዬን ያስሳበኝ ግን የባጃጅ ነጂዎቹ ሳቅ አይደለም። ያን ዕለት ዘመዶቿ ሲሄዱ ብርቱካን አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ የእኔን ብቻ ለብቻዋ አነበበች። «እማማ፣ ይህን ሁሉ በሆድዎ ይዘውት ነው የኖሩት?» አለችኝ። ጭቅጨቃዬንማ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በቃሏ ታውቀዋለች።

በማግስቱ ቆርጬ ተነሣሁ። ዓይን ቢበላትም ይብላት፣ በቁሟ፣ ፊት ለፊት አመሰግናታለሁ ብዬ ግቢው ሄድኩ። እንደምንም አድርጌ፣ «ብርቱካን፣ አንቺ እኮ ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ ኮርቼብሻለሁ» አልኳት።

ሞተር ውስጥ አጎንብሳ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለች።

«ጥሩ ነው፣ እማማ። እሱንም እዚያው ላይ ያስጽፉልኝ።»