ቴምፐሪንግን በእጄ የካድኩ ዕለት

እናንተዬ! ዛሬ ገዳሪፍ ላይ የሠራሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። እኔ ራሴ እዚያው ቆሜ፣ እያየሁት፣ አላመንኩም!

ይህን ወረቀት ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ ያው ካምፑን በእንግሊዝኛ የማደነቁረው። ስም አልጻፍኩም፤ የእጅ ጽሑፌን ታውቁታላችሁ። መሳደብ ለፈለገ ከታች ቦታ ትቻለሁ፣ በእርሳስ ይጻፍ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ትራክተርና የውሃ ፓምፕ የሚጠግነው ወርሻ አንድ ሰው ሊቀጥር ነበር። አንድ! ከስደተኛ። ደሞዝ ያለው፣ ጥላ ያለው፣ ከሰሊጥ አጨዳ የሚገላግል ሥራ።

የወርሻው ዘበኛ ጋሽ ይርሳው ናቸው። የአልጋነሽ አባት። አልጋነሽን ታውቋታላችሁ፣ አታስመስሉ! ባለፈው "ሽማግሌ ልላክ ወይ?" ብዬ ባስጠይቃቸው "ሥራ ይያዝና ይላክ" አሉ። ዛሬም "የአገሬ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው" ብለው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ወርሻውን አገኘሁ ማለት አልጋነሽን አገኘሁ ማለት ነው። በቃ።

ኢንተርቪው ተጀመረ።

የወርሻው ኸዋጃ፣ ፀሐይ የጠበሰው ቀይ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ በእንግሊዝኛ "ቴምፐሪንግ ማለት ምንድን ነው?" አለኝ።

ልቤ ዘለለች! እኔን እኮ ነው የጠየቀው! ዘጠነኛን ሳልጨርስ ከአገር ስወጣ የያዝኩት ንብረት ሽፋን የሌለው አንድ የብረታ ብረት መጽሐፍ ነው። ለቀቅኩታ!

ለእናንተ በአማርኛ ላድርገው። ብረቱን አግለህ ውሃ ውስጥ ስትነክረው ይጠነክራል፤ ያ ሃርድኒንግ ነው። ግን እንደ ብርጭቆ ነው፣ ስትመታው ይሰበራል። ስለዚህ ትፈትገውና ለዘብ ባለ እሳት እንደገና ታሞቀዋለህ። ቀለሙ ሲለወጥ ጠብቀህ ታወጣዋለህ። ጥንካሬው ትንሽ ይቀንሳል፣ ዱላ ግን ይችላል። ቴምፐሪንግ ይሄ ነው።

"ቬሪ ጉድ!" አለ ኸዋጃው።

ጋሽ ይርሳው እንግሊዝኛ ባይሰሙም ቬሪ ጉድን ይሰማሉ። ዱላቸውን ተደግፈው ፈገግ አሉ። እኔማ በሐሳቤ ዳስ ጥዬ በግ እየመረጥኩ ነው።

ከዚያ ኸዋጃው አንድ የብረት መሮ አነሳ። "ትርጉሙን አወቅህ፣ አሁን ሥራው" አለና ጉጠቱን አቀበለኝ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

አይችልም ብላችሁ ነው? እችላለሁ! ከኸዋጃው ይልቅ እችላለሁ!

አባቴ ጠይብ ነው።

አዎ። ድገሙና አንብቡት። ቀጥቃጭ። ከጭልጋ በታች ያለ ገበሬ ማረሻውን የሚያሠራው አባቴ ጋ ነው። ወናፍ ስነፋለት ነው ያደግሁት። "ጠጅ ሲመስል ጠብቀው፣ ወደ ቡናማ ሲያደላ አውጣው፣ ሰማያዊ ከሆነ አለፈህ" ይለኝ ነበር። ያ መጽሐፍ "የገለባ ቀለም" ሲል ብቻዬን የሣቅሁት ለዚህ ነው። አባቴ ፊደል ሳይቆጥር ቀድሞታል!

ለእናንተ ግን የቄስ ልጅ ነኝ አልኳችሁ።

ምን ላድርግ? አገር ቤት ደርግ "ከእንግዲህ ባለ እጅን ቡዳ ማለት ክልክል ነው" ብሎ ስብሰባ ጠራ። ሰዉ እጁ እስኪቃጠል አጨበጨበ። ሲያልቅ አባቴ አጠገብ የተቀመጡት ጋቢያቸውን እያራገፉ ወጡ!

እና አሁን ጉጠቱ እጄ ላይ ነው። ጋሽ ይርሳው አፍጥጠውብኛል። ቀጥቃጭ ጉጠት ሲይዝ ያስታውቃል፤ የእኛ አገር ሰው ደግሞ ፊደል ባይለይ ይህን ይለያል።

አስመሰልኩ።

ጉጠቱን እንደ እባብ ከሩቅ ያዝኩት። መሮውን አግዬ ውሃው ውስጥ ጣልኩና "ውይ!" ብዬ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ከዚያ መሮውን ወደ እሳቱ መመለስ ነበረብኝ። እጄ ሊመልሰው ሄደ፣ እናንተ ሙቱ፣ በራሱ ሄደ! ከለከልኩት።

"ጨረስኩ" አልኩ።

ኸዋጃው መሮውን ብረት ላይ አቁሞ በመዶሻ አንዴ መታው።

ቀጭ!

ለሁለት።

"ትርጉሙን ታውቃለህ፣ አጠቃቀሙን አታውቅም" አለና የማመልከቻ ወረቀቴን ወደ ጎን አደረገው። ሱዳኖቹ ሠራተኞች ሣቁብኝ። "ኸላስ፣ ያ ሐበሻ!" አለኝ አንዱ። በቃህ፣ ወደ ሰሊጥህ ማለቱ ነው።

ከእኔ ቀጥሎ አንድ የአስመራ ልጅ ገባ። ቴምፐሪንግ ምንድን ነው ሲሉት ትከሻውን ነቀነቀ። መሮ ሰጡት። አጋለ፣ ነከረ፣ ፈተገ፣ መልሶ አሞቀ፣ አወጣ። ኸዋጃው ቢመታው፣ ቢመታው፣ ምንም! ተቀጠረ።

ቀለሙን ቆሜ አየሁት። ትንሽ አሳልፎታል። አባቴ ቢሆን ያስደግመው ነበር።

ስወጣ ጋሽ ይርሳው በሩ ላይ ያዙኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እጠረጥርህ ነበር። ያ ክንድህን ሳይ የጠይብ ዘር ይሆን እንዴ እል ነበር። ዛሬ ጉጠት አያያዝህን አይቼ ተመስገን አልኩ። አንተስ የለየልህ ጨዋ ነህ!"

"ታዲያ ጋሼ፣ ሽማግሌ ልላክ?"

"ኧረ በምን አፍህ! ምን ልታበላት?"

ይህን እያሉኝ የአስመራው ልጅ ወጣ። ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "ና እስቲ ቤት ጎራ በል። ልጄ ሻይ ታፈላልሃለች።"

አፌ አመለጠኝ። "የማን ዘር እንደሆነ ሳይጠይቁ?"

ዞረው አዩኝ። "ሥራ ያለው ሰው ዘሩ ምን ያደርግልኛል?"

እስከ ካምፑ በእግሬ መጣሁ። ሎሪ ቢቆምልኝም አልወጣሁም። አባቴ እዚያ "ልጄ ተምሮልኛል" እያለ ማረሻ ይቀጠቅጣል። እኔ እዚህ አባቴን ክጄ፣ መሮ ሰብሬ፣ የተረፈኝ "ጨዋ ነህ" መባል ብቻ ነው። ብሉት እስቲ! ይበላል?

እንግዲህ አወቃችሁ። ማጭዱ የዶለዶመ፣ መጥረቢያው የተሰበረ ያምጣልኝ። እሠራለታለሁ፣ ከነእንግሊዝኛው። ተስፋ ግን የለኝም፤ አውቃችኋለሁ። ሁለት ዓመት ከእናንተ ጋር ካንድ ትሪ በላሁ፣ ማናችሁንም ሆዳችሁን አላመማችሁም። ከዛሬ ጀምሮ ሊያማችሁ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እውነቱን ንገሩኝ፦ ይህን እያነበባችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ የሻይ ብርጭቋችሁን በእጃችሁ የሸፈናችሁት?