የዓሦቹን ገዳይ ፍለጋ

ጥፋተኛ ፈላጊ የሚባል የሰው ዓይነት ገጥሟችሁ ያውቃል? ራሱ የሰበረውን ብርጭቆ ስባሪ ይዞ «ማነው የሰበረው?» እያለ ቤቱን የሚያምስ። በአብዮቱ ዘመን አምቦ ውስጥ የእኛ መሥሪያ ቤት ኃላፊ እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ጓድ ኃላፊ እንግዳ መቀበያው እንዲያምር ብሎ ከአዲስ አበባ ዓሣ ከነመስተዋት ሳጥኑ አስመጣ። ቀዩም፣ ጥቁሩም፣ ዝንጉርጉሩም በአንድ ሳጥን ይዋኛሉ፤ የብሔረሰቦች አንድነት ማለት ለእሱ ይኸው ነበር። ታዲያ ለእነዚህ የቧንቧ ውሃ ይመጥናል? «ሰው ለጤናው ብሎ ከየአገሩ የሚመጣበት ውሃ እያለን» አለና ከምንጩ እየፈላ የሚወጣውን ባለ ጋዝ ውሃ በጀሪካን አምጥቶ በገዛ እጁ ሞላው። ዓሣ በጋዝ ይታፈናል ብሎ ማን ደፍሮ ይንገረው? ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተንሳፈፉ።

ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። «ይህ የጠላት አሻጥር ነው» አለ፣ ከዚያው ጀሪካን እየቀዳ ጉሮሮውን እያረጠበ።

ዘበኛው ኦቦ ዱጋሳ «ጓድ፣ እኔ የምጠብቀው በሩን ነው» አሉ።

«ጠላት ታዲያ በየት ገባ?»

ጥፋተኛው ተገኘ። ሚስታቸው የገበያ መደባቸውን ጥለው፣ ኦቦ ዱጋሳ ከነቤተሰባቸው ራቅ ወዳለችው የገጠር ከተማ ወደ ሸነን ተዛወሩ።

ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ዓሦች መጡ። ጓድ ኃላፊም «ከእንግዲህ ማንንም አላምንም፤ ውሃቸውን የማመጣው እኔው ነኝ» አለና ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወደ ምንጩ ወረደ። እኛም ቀጥሎ ወደ ሸነን የሚሄደው ማን ይሆን እያልን እርስ በርስ ተያየን።