አፈሩ ነው ጥፋተኛው

[ሰበታ፣ የአንድ ግቢ ጓሮ። የአበባ እርሻ ዘበኛው ሊቤ ምንም ያልበቀለባቸው የችግኝ ትሪዎች ላይ አጎንብሷል። ሚስቱ ገለቴ ወንፊት ይዛ አፈር ትነፋለች።]

ሊቤ፦ አልደቀቀም! አሁንም አልደቀቀም! ደግመሽ ንፊው!

ገለቴ፦ ያ ሊቤ፣ ከዱቄቴ አብልጬ ነፋሁት እኮ። ትንሽ ብቆይ አብኩቼ ልጋግረው ነው።

ሊቤ፦ አንቺ ምን ታውቂያለሽ? የችግኝ ሚስጥሩ አፈሩ ነው። እኛ እርሻ ያሉት ፈረንጆች ከአበባው ይልቅ ለአፈሩ ነው የሚሳሱት።

ገለቴ፦ አንተ በር ላይ ቆመህ እንዴት አየሃቸው?

ሊቤ፦ ጆንያው በበር አይደል የሚገባው? ፈትሼ ነው የማሳልፈው!

ገለቴ፦ እሺ። ታዲያ የመጀመሪያው ለምን አልበቀለም?

ሊቤ፦ ኮትቻ ነበራ! ውሃ ይዞ አይለቅም። ዘሩን አፍኖ ገደለው።

ገለቴ፦ ሁለተኛውስ?

ሊቤ፦ ፍጉ ትኩስ ነበር። አቃጠለው።

ገለቴ፦ ከቡራዩ ከረዳቱ ጋር እየተጨቃጨቅህ በሚኒባስ ያመጣኸው ሰጋቱራስ?

ሊቤ፦ የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ! መርዝ ነው እሱ። ያሁኑ ግን ልክ ነው፦ ሁለት እጅ የደን አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ።

ገለቴ፦ ይኸውልህ፣ እሱም አልበቀለም።

ሊቤ፦ አልደቀቀማ!

ገለቴ፦ ደገፋ እኮ ዛሬ ከተጂ ይመጣል። ማሳውን አርሶ አለስልሶ ያንተን የጎመን ችግኝ ነው የሚጠብቀው። ዝናቡም ገባ። ወንድሜ ፊት እንዳታሳፍረኝ ፈራሁ።

ሊቤ፦ አፈሩን ሲያይ ይረዳኛል።

ገለቴ፦ እኔማ ስለ ዘሩ ልጠይቅህ ብዬ...

ሊቤ፦ ዘር ዘር ነው! ንፊ!

ገለቴ፦ [እየነፋች] ከየት ገዛኸው ግን?

ሊቤ፦ ምን አስገዛኝ? ከጓዳሽ ነው፣ ክዳኑ ቀይ ከሆነው ጣሳ። ጠቆር ያለ፣ በደንብ የበሰለ፣ ሽታው ጓዳውን የሚያውድ ምርጥ ዘር!

ገለቴ፦ [ወንፊቱን አስቀምጣ] ክዳኑ ቀይ?

ሊቤ፦ አዎ።

ገለቴ፦ ሊቤ... እሱ እኮ ለምጣድ ማሰሻ የቆላሁት ጎመን ዘር ነው።

ሊቤ፦ የ... ምን?

ገለቴ፦ የቆላሁት! ልወቅጠው ነበር ያስቀመጥኩት። [ሳቋ አመለጣት] ቆሎ ስትዘራ ነው የከረምከው!

ሊቤ፦ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?

ገለቴ፦ መች አስተነፈስከኝ? እኔ ሞኟ አፈር እነፋለሁ፤ አንተ አዋቂው ቆሎ ውሃ ታጠጣለህ። ምስኪን ኮትቻ! በከንቱ ስሙን አጠፋኸው።

ሊቤ፦ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል!

[የግቢው በር ተንኳኳ።]

ሊቤ፦ ደገፋ ነው! በእናትሽ ገለቴ፣ ሥራ ሄዷል በይልኝ!

ገለቴ፦ [ወደ በሩ እየጮኸች] ኮቱ ደገፋ፣ ግባ! ችግኝ እንኳ የለንም፤ ሊቤ ግን እንዴት እንደሚበቅል ቁጭ አድርጎ ያስረዳሃል!