የፍስክ ጭስ

ሰው ሲጋራ የሚያጨሰው ለሱስ ይመስላችኋል? እኔ ለሰዓት ነበር። የእጅ ሰዓት አስሬ አላውቅም። ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ካለው ቤቴ እስከምሠራበት ካዚኖ ሁለት ሲጋራ ነው። ትራፊክ ካለ ሦስት። ከከተማ ውጭ ኤፔክስ መጋዘን የሚሠራ ጓደኛ ልጠይቅ ከሄድኩ አራት ተኩል፤ ግማሿን በሩ ላይ አጠፋታለሁ። ሺፍትህ ስንት ሰዓት ነው ሲሉኝ ሃያ ሁለት ሲጋራ እል ነበር።

በክብሪት ግን ቆጣቢ ነኝ። ሱዳን በስደት ሳለሁ አንድ ክብሪት ጫርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ አላስፈለገኝም። አንዱን በአንዱ እየለኮስኩ አውሮፕላን ተሳፈርኩ (ያኔ አውሮፕላን ውስጥም ይጨስ ነበር)፤ እሳቱን ሳላጠፋ ላስ ቬጋስ ገባሁ። ባለቤቴ አስናቀች ይህን ስናገር ስትሰማ፣ አንተ ሰውዬ፣ ስትተኛስ አታጠፋም ወይ ትለኛለች። እሺ፣ ስተኛ አጠፋለሁ።

ሳሌን ግን አላጋንንም። ለሠላሳ ዓመት የካዚኖ እንግዶችን መኪና ፓርክ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ጋራዡ ውስጥ አንድ ጊዜ ከልቤ ከሳልኩ የሦስት መኪና አላርም ይጮሃል። ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ሳሌ ክብር አገኘ። ግሮሰሪ ወረፋ ላይ እህ ስል ከፊቴ ያለው ሁሉ ተራውን ይለቅልኛል። በዚያ ዓመት ወረፋ ጠብቄ አላውቅም።

እንዲህ ተከብሬ ስኖር ነው የመጀመሪያዋ የልጅ ልጄ የተወለደችው። ኮሮና በመጣ በዓመቱ፣ ገና ሰሞን። ማርታ አሏት። እናቷ ሣራ፣ ማለትም ልጄ፣ እዚሁ ያደገች፣ ክሊኒክ የምትሠራ፣ አማርኛዋ አጭር፣ ትእዛዟ ረጅም የሆነ ሴት ናት። ማስኬን አስተካክዬ፣ እጄን ዘርግቼ ብጠጋ መዳፏን ደረቴ ላይ አድርጋ አቆመችኝ።

«አባዬ፣ ሲጋራ ስቶፕ ካላደረግክ ቤቢዋን አትይዝም።»

እጄን ታጥቤያለሁ እኮ አልኳት። ጭሱ እጅህ ላይ አይደለም፣ አንተ ላይ ነው አለችኝ። ሦስት ሳምንት ንጹሕ ሆነህ ተመለስ።

ለአርባ ዓመት ሊያስቆመኝ ያልሞከረ የለም። ሐኪም ለምኖኛል። አስናቀች አልጋ ለይታለች። የካዚኖ አለቃ ዝቶብኛል። ምንም። አሁን ግን ያቺ አራት ኪሎ የማትሞላ ፍጥረት በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ሰው ሁሉ ሲቀባበላት፣ እኔ እንደ ጎረቤት ቆሜ አያታለሁ። የሣራ አማት፣ ልታርሳት የመጣችው የባሏ እናት፣ ዓይኔ እያየ ሁለቴ አቀፈቻት። ሁለቴ።

በማግሥቱ ቻይናታውን ሄድኩ። እዚያ ቬፕ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ሻጯ የእኔ እኩያ የሆነች ሴትዮ ናት፤ አንገቷ ላይ ዘንዶ አስነቅሳለች። ሲጋራ ላቆም ነው የመጣሁት አልኳት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት አለችኝ፣ ሳትስቅ። በየጣዕሙ የተደረደረውን አሳየችኝ። ማንጎ፣ ሐብሐብ፣ ከረሜላ፣ የልደት ኬክ። የልጆች ልደት የተጠራሁ መሰለኝ። ሰባ ያህሉን አሸተትኩ። በመጨረሻ ልቤን የወሰደው የእንጆሪ ወተት የሚሉት ነው።

ለማታውቁት፣ ቬፕ እንደ እስክሪብቶ ያለ የኤሌክትሪክ ማጨሻ ነው። ጣዕም ያለው ፈሳሽ ትሞሉበታላችሁ፣ ቻርጅ ታደርጉታላችሁ፣ ትስባላችሁ። ክፋቱ፣ ማለቂያ የሌለው መሆኑ ነው። ሲጋራ ጨዋ ነው፤ ሲበቃችሁ ጣታችሁን ያቃጥላችኋል። ይሄ ግን ዝም። የመጀመሪያ ቀን ከቁርስ በኋላ መሳብ ጀመርኩ፤ ያቆምኩት ባትሪው ሲሞት ነው። ሳሎኑ ጉም ለብሶ አስናቀች ሶፋውን በዳበሳ አገኘችው።

ቢሆንም ሲጋራው ቀረ። ሦስት ሳምንት ሲሞላ ሣራ ጺሜን፣ ኮሌታዬን፣ ጣቶቼን እንደ ኤርፖርት ውሻ አሸተተችኝና ፈቀደች። ማርታን ተቀበልኩ። አፍንጫዋን አንገቴ ሥር ወሸቀች፣ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገች፣ ተኛች። ለማንም እንዲህ ተኝታ አታውቅም። አማቲቱ ቆማ አየች። አንተ ወተት ወተት ስለምትሸት ነው አለችኝ ሣራ። ምክንያቱ እኔን አላስጨነቀኝም። በየቀኑ ከሰዓት እየሄድኩ አስተኛት ጀመር።

ከዚያ ዓቢይ ጾም ገባ።

በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ጓሮ ቁጭ ብዬ ስስብ አስናቀች መጣችና አየሩን አሸተተች። ወተት ነው አለች። ሽታው ብቻ ነው አልኳት። አፍህ ገብቷል ወይስ አልገባም? ገብቷል፣ ግን ወዲያው ወጥቷል። ጭስ እኮ ነው፣ አልጠጣሁትም። አስናቀች ነጠላዋን አጣፋች። ነጠላ ካጣፋች ክርክሩ አብቅቷል ማለት ነው።

«ሲጋራው እንኳ የጾም ነበር» አለችኝ።

አርባ ዓመት የረገመችውን ሲጋራ! የንስሐ አባታችን ይፍረዱ ተባለና ደወልን። በዚያ ሰሞን ሁሉ ነገር በስልክ ነበር። ካህኑ አስተዋይ ሰው ናቸው። ልጄ ይሉኛል፤ በአሥራ ሁለት ዓመት እበልጣቸዋለሁ። በእርጋታ ጠየቁኝ። እውነተኛ ወተት አለበት? ጠርሙሱን አነበብኩላቸው፤ የለበትም። ቅቤስ? የለበትም። ታዲያ ምን አለበት? ኒኮቲን አልኳቸው። ሲጋራው ውስጥ ያለው ማለት ነው፣ አባ፤ አርባ ዓመት ያጨስኩትን ለማቆም እንዲረዳኝ ነው።

እዚህ ላይ አስናቀች ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ዘግይቶ ገባኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እሳቸው ዘንድ ንስሐ ስገባ ሲጋራን አንድም ቀን አንስቼላቸው አላውቅም። ከመግባቴ በፊት ሚንት እበላ ነበር።



«የወተቱን ነገር ለጊዜው እንተወው፣ ልጄ» አሉኝ ካህኑ።

ቀኖና ሰጡኝ። ሲጋራም ቬፕም፣ ወተትም እንጆሪም የለም። እስከ ፋሲካ በዚህ እንሰንብት፣ ከፋሲካ በኋላ ያለውን ደግሞ አብረን እናያለን አሉ። አስናቀች ቬፑን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

አራት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በአምስተኛው ቀን፣ ሳንባዬ እንደ ተወለወለ መስተዋት ሆኖ፣ ሣራ ቤት ሄድኩ። ከተወለድኩ እንደዚያ ቀን ንጹሕ ሆኜ አላውቅም። ማርታን ተቀበልኩ። አፍንጫዋን አንገቴ ሥር ወሸቀች። አሸተተች። ቦታ ቀይራ እንደገና አሸተተች። ከዚያ ቀና ብላ፣ የማታውቀው ሰው ቤቷ እንደገባ ሁሉ አየችኝና ጩኸቷን ለቀቀችው።

ሣራ ሮጣ መጣች። ጡጦ ሞከረች፣ እምቢ። ዳይፐር ቼክ አደረገች፣ ደረቅ ነው። ለአማቷ ሰጠቻት፣ ባሰባት፤ ይህችን በደስታ ነው የምጽፋት። በመጨረሻ ሣራ ጠጋ ብላ ኮሌታዬን አሸተተችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባዬ፣ ደጅ ውጣና ያንን ነገር አንዴ ብቻ ሳብ አድርግ። ፕሊስ።»

«ጾም ላይ ነኝ» አልኳት።

ልጅቷን መልሳ አስታቀፈችኝ። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስንል ዋልን። የሁለታችንም ችግር አንድ ነው፤ ያማረን ነገርም አንድ ነው። እሷ ገና ሁለት ወሯ ስለሆነ አልቅሳ ይወጣላታል። እኔ አያት ነኝ፤ ማለት የሚፈቀድልኝ እሹሩሩ ብቻ ነው። ለሁለታችንም አልኩ።